ክረምት ሳይገባ ተዳፋቱን ማንበብ፦ በወሎ ተራሮች የናዳን አደጋ ደረጃ በደረጃ መገምገም

ወሎ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ ነው የምትኖረው። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ብቻ ነው፤ መንገዱ ግን በሐረጎና በዶሮ መዝለያ እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ወደ ሰሜን ውርጌሳና ወልድያ ስትሄዱም በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ወደ አፋር የሚወርድ ቁልቁለት ነው። እዚህ አገር ቤት የሚሠራ፣ የሚያርስ፣ ከብት የሚያግድ፣ መኪና የሚነዳ ሁሉ የናዳ ጎረቤት ነው።

ይህ መመሪያ ጂኦሎጂ ላልተማረ ሰው ነው። ባለሙያን አይተካም። ግን ባለሙያው እስኪመጣ ሐምሌም አይጠብቅም። ተዳፋታችሁን በዓይን፣ በሲባጎና በሜትር አይታችሁ "ይሄ ያሰጋል፣ ይሄ ለጊዜው ደህና ነው" ማለት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንስማማ፦ ውሳኔው የሚያልቀው በደረቅ ቀን ነው። በነሐሴ ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ልጆች ተኝተው፣ "እንውጣ ወይስ እንቆይ?" ብሎ የሚመካከር ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ "እስኪነጋ እንቆይ" ነው የሚለው።

መጀመሪያ፦ ተራራው ለምን ይናዳል?

የወሎ ተራሮች አብዛኛው አካል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣ ትኩስ ዓለት ነው። ፈሰሰ፣ በረደ፣ እንደገና ፈሰሰ። ስለዚህ ተራራው ንብርብር ነው። በጠንካራው ጥቁር ድንጋይ መሃል አመድና አሮጌ አፈር ተቀብሮ ቀርቷል። ያ መሃለኛ በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል። ከላይ ደግሞ ከአፋፉ ለዘመናት የወረደ ድንጋይና አፈር ቅልቅል ግርጌውን አልብሶታል።

ዝናቡ በዚያ ቅልቅልና በድንጋዩ ስንጥቅ በቀላሉ ይሰርጋል። ሸክላው ላይ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ይጠራቀማል፣ ይገፋል፣ ላይኛውን አፈር ከታችኛው ጋር ያያያዘውን ፍትጊያ ይቀንሳል። ከዚያ የሚበቃ ቁልቁለት ካለ ጉዞ ይጀመራል።

በበረዶ አገር ያሉ፣ የበረዶ ናዳ የሚፈሩ ተራራ ወጪዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። በረዶውን በአካፋ ቆርጠው ደካማውን ንብርብር ይፈልጋሉ፤ ቁልቁለቱን ይለካሉ፤ በላዩ ስንት አዲስ በረዶ እንደተጫነ ያያሉ። እነሱን የሚያሰጋቸው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ተዳፋት ነው። የእኛ ነገር በአንድ ይለያል። ሸክላ ያለበት መሬት ከዚያ በጣም ባነሰ ቁልቁለት ላይም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ "የእኔ ማሳ ገደል አይደለም" ማለት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

1. መቼ ትሄዳላችሁ፣ ምን ትይዛላችሁ?

የመጀመሪያው ጉብኝት ግንቦት ላይ ይሁን። በልጉ አልፏል፣ ክረምቱ አልገባም፣ ሣሩ አጭር ስለሆነ መሬቱ ገላውን ያሳያል። ሁለተኛው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን። ሦስተኛው መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ምን እንደለወጠ ለማየት።

የምትይዙት ቀላል ነው፦ ሲባጎ፣ ሜትር፣ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ፣ ጥቂት ችካል፣ ደብተር፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። የግንበኛ ቱምቢና ውሃ ልክ ካገኛችሁ ደግሞ ሥራው ይቀላል። ብቻችሁን አትሂዱ። ከተቻለ አካባቢውን ከልጅነታቸው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። "አባባ፣ ይሄ ምንጭ ድሮም እዚህ ነበር?" የሚል አንድ ጥያቄ የግማሽ ቀን ፍተሻ ያሳጥራል። "ከታች ነበር ልጄ፣ ወደዚህ የመጣው በቅርቡ ነው" ካሉ ዋናውን መረጃ አገኛችሁ። ምንጭ ዝም ብሎ ቦታ አይቀይርም።

2. መጀመሪያ ከማዶ ተመልከቱ

ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። ሁሉም በቀጥታ ስንጥቅ ፍለጋ ይገባል። ግን ተዳፋት ላይ ቆማችሁ የተዳፋቱን ቅርጽ ማየት አትችሉም። ከፊት ለፊቱ ወዳለው ሸንተረር ተሻገሩ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ሂዱ፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታ ጥላው ጉብታውንና ጎድጓዳውን አጉልቶ ያወጣዋል።

የምትፈልጉት የድሮ ናዳ ነው። ከላይ ግማሽ ክብ የሠራ፣ ድንገት ቁልቁል የሚወርድ ግድግዳ ይኖራል። ከሥሩ ደልደል ያለ መሬት ይከተላል። ከዚያ ዝቅ ሲል መሬቱ ወጣ ገባ ይሆናል፤ እዚህ ጉብታ፣ እዚያ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ። መጨረሻው ላይ ግርጌው ወደ ወንዙ ሆዱን ገፍቶ ይታያል፤ ወንዙም ወደ ማዶኛው ዳርቻ ተገፍቶ ይጠማዘዛል።

አንድ ጊዜ የወረደ መሬት እንደገና ለመውረድ ከሌላው የቀረበ ነው። ውስጡ ተፈጭቷል፣ የሚንሸራተትበት ገጽም ተዘጋጅቶለታል። ክፋቱ ደግሞ እንዲህ ያለ መሬት ለሰው የሚጥም መሆኑ ነው። በገደል መሃል ደልዳላ ነው፣ አፈሩ ጥልቅ ነው፣ ምንጭ አያጣም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መንደሩ በትክክል እዚያው ላይ ሰፍሮ የምታገኙት። ነዋሪው ሞኝ ሆኖ አይደለም። በቆላና ደጋ መሃል እንዲህ ያለ ለም ደልዳላ ሌላ የት ይገኛል?

ከማዶ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ። ቦታውን ምልክት አድርጉበት። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ቦታ ላይ ቆማችሁ ስታነሱ ሁለቱን ማነጻጸር ትችላላችሁ።

3. ቁልቁለቱን ለኩ

ስልካችሁ ላይ የቁልቁለት መለኪያ ካለ ተጠቀሙበት። ከሌለ አንድ ሜትሩን ዱላ ያዙ። አንዱን ጫፍ ላይኛው መሬት ላይ አስነኩ። ዱላውን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከሌላው ጫፍ ወደ መሬት ቱምቢ ወይም ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ልቀቁ። የሲባጎው ርዝመት መልሱ ነው፦

27 ሴንቲሜትር ከሆነ 15 ዲግሪ ነው፤ 36 ከሆነ 20፤ 47 ከሆነ 25፤ 58 ከሆነ 30፤ 70 ከሆነ 35፤ 84 ከሆነ 40፤ ልክ 1 ሜትር ከሆነ 45።

አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። ከአፋፉ፣ ከወገቡ፣ ከግርጌው ለኩና ጻፉ። የእርሻ ባለሙያዎች እርከን ሲቀይሱ የሚጠቀሙበት መሣሪያ አለ፤ የቀበሌያችሁን ልማት ሠራተኛ ብትጠይቁ አብሮ ሊለካላችሁ ይችላል።

በግምት እንዲህ ያዙት። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ሸክላማ መሬት ላይ የሚጠበቀው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ቤት የሚሰነጥቅ፣ ማሳ የሚገምስ እንቅስቃሴ ነው። ከ25 በላይ ሲሆን ፈጣኑ፣ ጭቃና ድንጋይ ይዞ የሚወርደው ይመጣል። ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ይሄኛው ነው። ከ45 በላይ አፈር ብዙ አይቆምም፤ እዚያ ሥጋቱ ቋጥኝ ነው።

4. ከሥር ያለውን እዩ

ጉድጓድ መቆፈር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ጎርፉ ቆፍሮላችኋል። ቦረቦር፣ የመንገድ ቆረጣ፣ የድንጋይ ካባ፣ ጎረቤት ለቤት መሠረት የቆረጠው ግድግዳ፣ ሁሉም የተዳፋቱን ሆድ ያሳያሉ። ወደ ግድግዳው ተጠግታችሁ ሳይሆን ራቅ ብላችሁ ንብርብሩን ከላይ ወደ ታች አንብቡ።

የሚያሰጋው ምልክት አንድ መስመር ላይ ተራ በተራ የሚያለቅስ ውሃ ነው። ከላይ ድንጋይና አፈር፣ ከዚያ ርጥብ መስመር፣ ከሥሩ ቀላ ያለ ወይም ግራጫ ሸክላ። ያ መስመር ውሃው የቆመበት ነው። ቁልቁለቱ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ካዘነበለ ደግሞ የባሰ ነው።

ከዚያ ሸክላ ጥቂት ቆንጥሩ። በውሃ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መሃል አሹት። ሳይቆራረጥ እንደ ክር ከቀጠነ እውነተኛ ሸክላ ነው። ከተበጣጠሰ አሸዋ ወይም ደለል ይበዛዋል። ስትሰብሩት የሚያብረቀርቅና ጭረት ያለበት ለስላሳ ገጽ ካሳያችሁ ቆም በሉ። ያ ገጽ ከዚህ በፊት የተንሸራተተ መሬት ምልክት ሊሆን ይችላል።

5. ውሃውን ተከተሉ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህንን ሥሩ። ቁልቁለቱ አይለወጥም፣ ሸክላውም የትም አይሄድም። ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጠው ውሃው ነው።

ምንጮቹን አንድ በአንድ መዝግቡ። 20 ሊትር ጀሪካን አስጠግታችሁ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ያዙ። ግንቦት ላይ ያገኛችሁትን ከሐምሌው ጋር አነጻጽሩ። ክረምት ላይ ምንጭ መጨመሩ ወግ ነው። ወግ ያልሆነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥርት ብሎ የሚፈስ ምንጭ ድንገት መደፍረሱ፤ ውስጥ ለውስጥ አፈር እየታጠበ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ውሃ መፍለቁ። ሦስተኛ፣ ዝናብ እየዘነበ ምንጩ መድረቁ። ውሃው አልጠፋም፤ መሬቱ ተንቀሳቅሶ መንገዱን ዘግቶበት ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

በተዳፋቱ ወገብ ላይ በበጋ ቄጠማና ደንገል በቅሎ ካያችሁ ከሥሩ ውሃ አለ። ዙሪያው ደርቆ እዚያ ብቻ ለምለም የሆነ ሣርም እንዲሁ። ላሞቹ ያውቁታል፤ በበጋ የሚያዘወትሩት እዚያ ነው።

ከዚያ ሰው የሚጨምረውን ውሃ ፈልጉ። በከተማ ዋናው ችግር ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። ደሴ ላይ ቤቱ ቤት ላይ ተደራርቦ ነው የሚሠራው። የላይኛው ቤት አሸንዳ የሚያፈሰው የታችኛው ቤት ጀርባ ላይ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ተዳፋቱ ውስጥ ይሰርጋል። የተሰበረ ቧንቧ ወራት ሲያንጠባጥብ "ይሠራል" እየተባለ ይከርማል። ከዝናቡ እኩል እነዚህም ተዳፋቱን ያርሱታል። የማን አሸንዳ የት እንደሚፈስ በደብተራችሁ ሣሉ። ከጎረቤት ጋር ጭቅጭቅ ሊያመጣ ይችላል፤ ቢሆንም ይሣል።

6. ስንጥቅ፦ የትኛው ያስፈራል?

መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል። እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ሁሉ ናዳ አይደለም፤ አብሽሩ። ልዩነቱ እንዲህ ነው።

የድርቀት ስንጥቅ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ እርስ በርሱ ይገናኛል፣ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ያለው መሬት እኩል ነው። የናዳ ስንጥቅ ደግሞ ተዳፋቱን አቋርጦ በወርዱ ይሄዳል፤ ጫፎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ። ዝናብ ሲመጣ ይሰፋል እንጂ አይዘጋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታችኛው ወገን ዝቅ ብሏል፤ የአንድ ጣት ያህል እንኳ ቢሆን። እጃችሁን ከላይኛው ወደ ታችኛው አሻግሩና ዳብሱት። ደረጃ ካለው ጉዳዩ ሌላ ነው።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ካገኛችሁ ለኩት። በሁለቱም ወገን፣ ከስንጥቁ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ ችካል በጥልቀት ትከሉ። በእያንዳንዱ ችካል ራስ ላይ ሚስማር ምቱ። ከሚስማር እስከ ሚስማር ያለውን በሚሊሜትር ለክታችሁ ከነቀኑ ጻፉ። አንድ ጥንድ አይበቃም፤ በስንጥቁ ርዝመት ሦስት ቦታ ላይ አድርጉ። ልጆች እንዳይነቅሉት፣ ከብት እንዳይረግጠው እሾህ ክበቡት። በበጋ በሳምንት አንዴ፣ በክረምት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ።

ቁጥሩን ስታነቡ ትልቅነቱን ብቻ አትዩ። ፍጥነቱን እዩ። ዛሬ 2 ሚሊሜትር፣ ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 2 ከሆነ መሬቱ እየሄደ ነው፣ ግን በአንድ ዓይነት እርምጃ። ዛሬ 2፣ ነገ 5፣ ከነገ ወዲያ 12 ከሆነ ሌላ ቁጥር መጠበቅ የለም። ውጡ። ተዳፋት ከመለቀቁ በፊት ብዙ ጊዜ እንዲህ እየፈጠነ ነው የሚሄደው።

7. ዛፍ፣ አጥር፣ በር

ዛፍ ጥሩ ምስክር ነው። ግንዱ ከሥሩ ታጥፎ ወደ ላይ የተቃና ከሆነ መሬቱ ለዓመታት ቀስ ብሎ ሲሄድ ዛፉ ራሱን እያቃና አድጓል። ባሕር ዛፎቹ እዚህና እዚያ በተለያየ አቅጣጫ ካዘነበሉ ግን እንቅስቃሴው የቅርብ ነው። አጥር ቀጥ ብሎ ተተክሎ መሃሉ ወደ ታች ከጎበጠ፣ የመብራት ምሰሶ ካጋደለ፣ አንዱ ሽቦ ተወጥሮ ሌላው ከላላ መዝግቡ።

ቤት ውስጥ ደግሞ በሩን ጠይቁት። ጭቃ ቤት በር ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ትንሽ መጥበቁ የተለመደ ነው። ግን አምና በክረምት ይዘጋ የነበረ በር ዘንድሮ ከላይ ጥጉ ላይ ብቻ ተይዞ አልዘጋ ካለ፣ መስኮቱ ጥግ ላይ ያለው ልስን በሰያፍ ከተሰነጠቀ፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ውሃ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ የተጣመመው በሩ ብቻ አይደለም። ስንጥቁን በልስን አትድፈኑት። በእርሳስ ጫፉን ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት።

8. ከተናደ የት ይደርሳል?

ቤታችሁ ቁልቁለቱ ላይ ባይሆንም ከግርጌው ከሆነ ጥያቄው የእናንተም ነው። ጭቃ የያዘ ናዳ ቦረቦር ከገባ ሜዳ እስኪደርስ አይቆምም፤ ሜዳም ላይ ይሰፋል።

ቦረቦሩ ከተራራው የሚወጣበት አፍ ላይ ቁሙ። መሬቱ ከዚያ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ፣ ትልልቅ ድንጋይና ደለል የተቀላቀለበት ክምር ከሆነ ያ ክምር በአንድ ቀን አልመጣም፤ ደጋግሞ ወርዷል። ማሳ መሃል ብቻቸውን የተቀመጡ ቋጥኞችንም እዩ። ግራጫ ሽበት ያበቀሉት የቆዩ ናቸው። ስብራታቸው ንጹሕ የሆነ፣ ከሥራቸው የተጨፈለቀ ሣር ያለባቸው ግን እንግዶች ናቸው። ከየት እንደመጡ በዓይናችሁ ሽቅብ ተከተሉ።

የመሬት መንቀጥቀጥም አይረሳ። ወሎ የስምጥ ሸለቆው ዳር ላይ ነው ያለው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ ተዳፋት ላይም ናዳ አስከትሏል። ርጥብ ተዳፋት በመጠነኛ ንዝረትም ሊለቀቅ ይችላል።

9. ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ ፍረዱ

ነጥብ እየደመሩ መፍረድ ብዙ አይጥመኝም። አንዳንድ ምልክት ብቻውን ይበቃል። እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው።

የናዳ ስንጥቅ ከታየና የታችኛው ወገን ዝቅ ካለ፣ ወይም ንጹሕ ምንጭ ከደፈረሰ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሰው በክረምት እዚያ ማደር የለበትም። ለቀበሌ አስታውቁ፤ ቀበሌው ለወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያሳውቅ። ፎቶውንና የችካል ቁጥሩን አያይዙ። "ያሰጋል" የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል፤ በቀን የተደረደረ ልኬት ያለበት ግን ባለሙያ ይጠራል።

ትኩስ ስንጥቅ ባይኖርም የድሮ ናዳ ቅርጽ፣ ሸክላና ውሃ አንድ ላይ ከተገናኙ ክረምቱን በክትትል እለፉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ካለ በየግንቦቱ መጎብኘት ይበቃል።

10. ክረምት ላይ የዕለት ሥራ

ዝናቡን ራሳችሁ ለኩ። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ፣ እንዳይገለበጥ በድንጋይ ተደግፎ ይቀመጥ። በየጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የውሃውን ጥልቀት በሚሊሜትር ለክታችሁ ድፉት። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያው ለአካባቢው ነው፤ ጣሳው ለእናንተ ሸንተረር ነው። ደጋ ላይ በአንዱ ሸንተረር ወርዶ በሌላው ሳይዘንብ እንደሚቀር እናንተም ታውቃላችሁ።

የአንድ ቀኑን ብቻ አትዩ፤ ያለፉትን ቀናት ደምሩ። በሰኔ መግቢያ ደረቅ መሬት የሚችለውን ዝናብ ነሐሴ ላይ የጠገበ መሬት አይችለውም። የሁለት ሦስት ክረምት መዝገብ ካጠራቀማችሁ በኋላ "እዚህ ቦታ ይህን ያህል ሲዘንብ ችካሉ ይንቀሳቀሳል" ማለት ትችላላችሁ። ያ ቁጥር የእናንተ ተዳፋት ቁጥር ነው፤ ከሌላ አገር ልትዋሱት አትችሉም።

ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው አትረጋጉ። ውሃ ወደ ጥልቅ ለመስረግ ቀናት ይፈጅበታል። ፀሐይ ወጥቶ፣ ልብስ ተሰጥቶ እያለም መሬት ይሄዳል።

11. መውጫውን ቀድማችሁ ጨርሱ

ቅሬው (እድሩ) ይህንን ይያዘው። ሰው የሚሰማው ቅሬን ነው፤ ጥሩምባውም፣ የስም ዝርዝሩም እዚያ ነው። ግንቦት ላይ ተሰብስባችሁ አራት ነገር ወስኑ፦ ማን ይለካል፣ በምን ምልክት እንወጣለን፣ በየት በኩል፣ የት እናድራለን። መውጫው ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ ራስ ይሁን። በቦረቦር ውስጥ ወደ ታች የሚሮጥ ሰው ናዳው በሚሄድበት መንገድ ነው የሚሮጠው። አቅመ ደካማ ያለበትን ቤት ማን እንደሚያግዝ በስም ይታወቅ።

ሳትጠያየቁ የምትወጡባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ዝናብ እየዘነበ ጅረቱ ድንገት ካነሰ ወይም ከቆመ፤ ከላይ ታግዶ ሊሆን ይችላል። ጠጠር ያለማቋረጥ ከወረደ። ዛፍ ሲሰነጠቅ ወይም ከመሬት ውስጥ ጉርምርምታ ከተሰማ። ጥሩምባ ይነፋ፣ የመስጊዱ ድምጽ ማጉያ ይጠራ፣ ደወሉ ይደወል። ከብት ለመፍታት፣ እህል ለማውጣት አትመለሱ።

ከሁሉ የሚከብደው ከናዳው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መጀመሪያ የተናደው ጥቂት ቤቶችን ነበር። ጎረቤት የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሩጦ ተሰበሰበ። ተራራው እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡ ነበሩ። ወገን ተቀብሮ "ቆይ" ማለት ያማል፤ ወሎዬ ደግሞ ቆሞ ማየት አይችልም። ቢሆንም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ተዳፋቱን አሻግሮ ከሚያሳይ ቦታ ላይ ጥሩምባ ይዞ ይቁም። ዓይኑን ከአፋፉ አይንቀል። የሚቆፍረው በፈረቃ ጥቂት ሰው ይሁን፤ ሌላው ከሥር አይሰብሰብ።

12. ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት

አፋፉ ላይ፣ ከስንጥቁ በላይ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን ወደ ጎን፣ ድንጋያማ ወደሆነ መውረጃ ውሰዱት። በወንፈል በጥቂት ቀን ያልቃል። ስንጥቁን በሸክላ ጠቅጥቃችሁ ዝናብ እንዳይገባበት ክደኑት፤ ክረምት ላይ ላስቲክ አልብሱት። አሸንዳውን በቱቦ አውርዳችሁ ከተዳፋቱ አርቁ። የተሰበረ ቧንቧ ዛሬ ይጠገን።

ግርጌውን አትንኩ። ለቤት መደልደያ፣ ለመንገድ፣ ለድንጋይ ማውጫ ተብሎ የተዳፋት እግር ሲቆረጥ የላይኛው የተደገፈበት ይነሳል። የድጋፍ ግንብ ከሠራችሁ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ያለዚያ ግንቡ ግድብ ይሆናል። ብዙ ቦታ ላይ ከሲሚንቶ ግንብ ይልቅ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ፣ ጋቢዮን፣ የተሻለ ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይታጠፋል።

ዛፍ ላይ አንድ ነገር ልበል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ በሕይወት ቆይቶ አፈሩን እንደያዘ ይቀጥላል። የአበሻ ጽድ ግን ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ሥሩ በጥቂት ዓመት ይበሰብስና ይዞት የነበረውን አፈር ይለቀዋል። ስለዚህ ዘንድሮ የተመነጠረ ጽድ አደጋው ለዘንድሮ ላይታይ ይችላል።

የመጨረሻው ነጥብ የተፋሰስ ሥራን ይመለከታል። በየጥሩ የምንቆፍረው ውሃ የሚይዝ ጉድጓድና ደለል የሚያግድ እርከን ለደህና ተዳፋት ትልቅ ሥራ ነው፤ ውሃን ወደ መሬት ያሰርጋል። በሚንቀሳቀስ ተዳፋት ላይ ግን ማስረጉ ራሱ ችግሩ ነው። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ላይ ቅያስ ሲጀመር ለልማት ሠራተኛው ችካላችሁንና ደብተራችሁን አሳዩ። እዚያች ቦታ ላይ ውሃ የሚይዘው ጉድጓድ ይቅርና ውሃ የሚያሳልፈው ቦይ ይቀየስ።